ከአንድ ቅጠል አንድ ችግኝ፦ ውሃ አዘል የቤት እጽዋትን ማራባትና መንከባከብ

በዚህ እትም በመስኮት ደፍ ላይ፣ በስኒ ውስጥ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ሳይቀር ስለሚያድጉ ትንንሽ እጽዋት እናወጋለን። ሳኩለንት ይሏቸዋል። በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ውሃ አጠራቅመው የሚይዙ እጽዋት ማለት ነው። እኔ በሙያዬ ሶሻል ወርከር ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ሶሲዮሎጂ እንጂ ባዮሎጂ አይደለም። ነገር ግን በገፈርሳ አካባቢ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክበብ ጋር ስሠራ ይህን ሥራ አብረን ይዘነዋል፤ አሁን የማካፍላችሁም እዚያ በእጃችን ያየነውንና ከመጻሕፍት ያገኘነውን ነው።

ስሙ የፈረንጅ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። እሬትን የማያውቅ ማን አለ? እናቶቻችን ሕፃን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት፣ "እንደ እሬት መረረኝ" የምንልበት ያው ተክል ሳኩለንት ነው። በአጥር ላይ የሚተከለው ቅንጭብ፣ በየገደሉ እንደ መቅረዝ የቆመው ቁልቋል፣ በክረምት ማግስት በየአጥሩ ሥር ወፍራም ቅጠሉን ዘርግቶ የምታዩት እንዳሁላ ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው። ገፈርሳ አካባቢ ኦሮምኛ የሚናገሩ ተማሪዎቻችን እሬትን "አርጊሳ"፣ ቁልቋልን "አዳሚ" ይሉታል። ታዲያ አንዳንዱ ሰው በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኞች መካከል ከሜክሲኮ የመጣችውን ኤቼቬሪያ በውድ ገዝቶ ሲሄድ፣ በራሱ አጥር ሥር ያለውን እንዳሁላ እንደ አረም ነቅሎ ይጥላል። እኔ በበኩሌ ኤቼቬሪያን አልጠላም፤ ቅጠሏ እንደ ጽጌረዳ ተደራርቦ ሲታይ ያምራል። ግን የቤታችንን ሳናውቅ የውጩን ማሳደድ አይገባኝም።

ሀገራችን በዚህ በኩል ሀብታም ናት። ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም በሌላ ሀገር የሉም። ለምሳሌ አሎ ደብራና የምትባለው በደጋው፣ በሸዋ ድንጋያማ ሜዳዎችና ተዳፋቶች ላይ የምትበቅል የኢትዮጵያ ብቻ የሆነች እሬት ናት። አሎ አንኮበረንሲስ ደግሞ ከስሟ እንደምትረዱት የአንኮበር ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከገደል ተንጠልጥላ ትኖራለች። ይህችን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቋት ማይክል ጊልበርትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ሲሆኑ፣ ጊዜውም 1997 እ.ኤ.አ. ነበር። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ጋር ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶች መጽሐፍ ጽፈዋል። በቤተ መጻሕፍት ካገኛችሁት ሥዕሎቹን ብቻ ማየት እንኳ ይጠቅማል። ከገፈርሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ስላለ፣ ክበባችሁ ጉብኝት ቢያቅድ መልካም ነው።

እንዳሁላም የራሷ ታሪክ አላት። በደጋው የምናያት አንዷ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሟ ካላንቾ ፔቲቲያና ነው። ፔቲት የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሀገራችን እየተዘዋወረ እጽዋት ሲሰበስብ የነበረ ሰው ነው። አባይን ሲሻገር አዞ ወስዶት ቀረ። ስሙ ግን በየአጥራችን ሥር በቅሎ ይኸው አለ።

<b>ሌሊት የሚተነፍሱ ቅጠሎች</b>

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ስቶማታ ተምራችኋል። ስቶማታ ቅጠል አየር የሚያስገባባቸውና የሚያስወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። አብዛኛው ተክል እነዚህን ቀዳዳዎች ቀን ቀን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፤ በዚያውም ብዙ ውሃ በትነት ይወጣበታል። ሳኩለንቶች ግን፣ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ፣ ተገላቢጦሽ ናቸው። ቀን ፀሐዩ ሲያቃጥል ቀዳዳቸውን ግጥም አድርገው ይዘጋሉ። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍቱና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስገብተው በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል። ሲነጋ ቀዳዳውን ዘግተው፣ ያስቀመጡትን እያወጡ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። ይህ ማለት ስንቅን ሌሊት አሰናድቶ ቀን መብላት እንደማለት ነው።

ይህን ነገር ከቀደሙት አስተዋዮች አንዱ ቤንጃሚን ሄይን የተባለ በሕንድ ይሠራ የነበረ የእጽዋት ተመራማሪ ነው። የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው በጣም ይኮመጥጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል፤ ወደ ማታ ደግሞ መራራ ይሆናል። ይህን ያየውን በደብዳቤ ጽፎ ለንደን ላለው የሊኒየን ማኅበር ላከ፤ በ1815 እ.ኤ.አ. ታተመ። የአሲዱ ነገር ሙሉ በሙሉ የተብራራው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አደራ፣ እናንተ ግን አትቅመሱ! የካላንቾ ወገኖች ልብን የሚጎዳ መርዝ በውስጣቸው አለ፤ በግና ፍየል በልቶት ሊሞት ይችላል። ሙከራ ካማራችሁ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የሊትመስ ወረቀት ጠይቁ። ጠዋት በ12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት የተቆረጠን ቅጠል ጨምቃችሁ አነጻጽሩ።

ይህን የምነግራችሁ ለጌጥ አይደለም። የእነዚህ ተክሎች አኗኗር ከገባን አያያዙ ሁሉ ራሱ ይመጣል። ውሃ ቆጥቦ እንዲኖር የተሠራን ተክል በየቀኑ ውሃ ካጠጣነው ምን ይሆናል? ይበሰብሳል፣ በቃ። ሰው ቤት ከሚሞቱት ሳኩለንቶች ውስጥ በጥማት የሞተ አይቼ አላውቅም ብል ብዙም አላጋነንኩ፤ የሚገድላቸው ፍቅር ነው።

<b>አፈሩ</b>

የገፈርሳ አፈር ለስንዴና ለጤፍ ምን እንደሆነ ገበሬው ያውቃል፤ ለሳኩለንት ግን ጥቁሩ መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም። ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩን ያንቀዋል። እኛ የምንጠቀመው ድብልቅ ይህ ነው፦ አንድ ጣሳ የአትክልት አፈር፣ አንድ ጣሳ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ ቀይ አሽ። ቀይ አሽ ለመንገድ የሚደለደለው ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ግንባታ በሚካሄድበት ሰፈር ሁሉ ዳር ዳሩን ተበትኖ ይገኛል። ጠይቃችሁ ውሰዱ እንጂ ከሰው ክምር ላይ አታንሱ። በአሮጌ ወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉና የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን አስቀሩ። ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ ከሱቅ የሚገዙት ድንጋይ ከዚህ አይበልጥም።

አዲስ ፍግና ዩሪያ አትጨምሩ። ዩሪያ ለእነዚህ እጽዋት ኃይለኛ ነው፤ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ባይሞት እንኳ ያለ ልክ ያልፈሰፍሰዋል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አንድ እፍኝ ለዓመት ይበቃዋል።

ዕቃውን በተመለከተ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ጆሮው የተሰበረ ስኒ፣ የድልህ ጣሳ፣ አፉ የተሰነጠቀ ጀበና፣ በወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ሁሉም ይሆናል፤ ዋናው ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩ ነው። ፕላስቲክና ጣሳ በጋለ ሚስማር ይበሳል። ስኒ ግን ለመብሳት ስለሚያስቸግር ተክሉን በትንሽ ፕላስቲክ ተክላችሁ ስኒውን እንደ ልብስ ብታለብሱት ይሻላል። ውሃ ስታጠጡ አውጥታችሁ፣ ሲንጠፈጠፍ መልሳችሁ ታስገባላችሁ።

<b>ማራባት</b>

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሦስት መንገድ አለ፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ካላወቃችሁ ቅጠል ስታባክኑ ትከርማላችሁ።

የመጀመሪያው በቅጠል ነው። ለኤቼቬሪያ፣ ለሴደምና ለጄድ ይሆናል። ጄድ የምትባለው ቅጠሏ ወፍራም፣ ግንዷ እንደ ትንሽ ዛፍ የሆነችው፣ ትውልዷ ደቡብ አፍሪካ የሆነ ተክል ናት። ከታች በኩል ያለውን ጤነኛ ቅጠል በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ አወዛውዙት። ቅጠሉ ከነመሠረቱ መውጣት አለበት፤ አዲሱ ተክል የሚወጣው ከዚያች ከመሠረቷ ነጥብ ስለሆነ መሐል ላይ ከተቆረጠ ዋጋ የለውም። ከዚያ አትትከሉት! ጥላ ቦታ በወረቀት ላይ ከ4 እስከ 7 ቀን አስተኙት፤ ቁስሉ ይድረቅ። ሲደርቅ በደረቅ አፈር ላይ ጋደም አድርጉት፤ አትቅበሩት። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሮዝ መልክ ያላቸው እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች ይታያሉ፤ ያኔ በየሦስት አራት ቀኑ አፈሩን ብቻ በጥቂቱ አርጥቡ። በገፈርሳ ብርድ አንዳንዱ ስድስት ሳምንትም ይፈጅበታል። ቀጥሎ የጥፍር ጫፍ የምታህል ልጅ ብቅ ትላለች። የእናቲቱ ቅጠል እየተጨማደደች ትሄዳለች፤ ያላትን ውሃና ምግብ ለልጇ እየሰጠች ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ሳትደርቅ አትንቀሏት። ከ10 ቅጠል 6 ወይም 7 ከያዘላችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ሁለተኛው በግንድ ቁራጭ ነው። ለእንዳሁላ፣ ለጄድ፣ እንዲሁም ብርሃን አጥታ አንገቷ ለረዘመ ኤቼቬሪያ ይሆናል። የመሐል ጣት የሚያህል ቁራጭ በስለት ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፤ አንድ ሳምንት በጥላ አድርቁና አሸዋ በበዛበት አፈር ትከሉ። የመጀመሪያውን ውሃ ከተከላችሁ ከአምስት ቀን በኋላ ስጡት። የምትቆርጡበት ምላጭ አዲስ፣ ለእጽዋቱ ብቻ የተለየ ይሁን፤ የምላጭን ነገር ከዚህ መጽሔት ደጋግማችሁ ስላነበባችሁ አልጨምርበትም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት፤ እጽዋትም በሽታ ይተላለፋሉ።

ሦስተኛው በልጅ ነው። እሬት በቅጠል አይራባም። ይህን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉልኝ። የእሬትን ቅጠል ቆርጦ መትከል መና ነው፤ ይበሰብሳል። እሬት የምትራባው ከጎኗ ከአፈር በምታወጣቸው ልጆች ወይም በዘር ነው። ልጅቱ የእናቷን ሲሶ ስታህል፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት የራሷ ሥር ስታወጣ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ለዩአት፤ ቁስሏን ሦስት ቀን አድርቃችሁ ትከሏት።

ሰነፎች ከሆናችሁ ደግሞ የማዳጋስካሯን ካላንቾ አሳድጉ። በቅጠሏ ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተደረደሩ ልጆች ታወጣለች፤ ራሳቸው ወድቀው፣ ራሳቸው ይበቅላሉ። ጎረቤት ማሰሮ ውስጥ ሳይቀር ስለሚገቡ ግን ኋላ አትማረሩ። ከቤት ውጭ መሬት ላይ እንዳትተክሏት።

<b>ውሃ፣ ፀሐይ፣ ውርጭ</b>

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያለችው ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ እዚያው ነው፤ እንደ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ያሉ የሀገራችን ብቻ የሆኑ ወፎችም ይታዩበታል። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። መጽሐፍ ላይ "በሳምንት አንዴ አጠጡ" የሚለውን እዚህ እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው። የመጥረጊያ ስንጥር እስከ ማሰሮው ወለል ድረስ እንሰካለን። አፈር ይዞ ከወጣ ውሃ የለም፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ውሃው ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ እናጠጣና እንተወዋለን። በበጋ ይህ በየ10 እስከ 14 ቀን ይመጣል። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ወር ሙሉ ሳይጠጡ ቢቆዩም ምንም አይሉም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ዝናቡ እንዳይመታቸው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር አስገቧቸው።

ተክሉ ራሱ ይናገራል፣ የሚያዳምጠው ካገኘ። የታችኛው ቅጠል ከተጨማደደና ሲነኩት ለስለስ ካለ ጠምቶታል። ቅጠሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ሆኖ እንደበሰለ ሽንኩርት ከላሸቀ ግን ውሃ በዝቶበታል፤ ወዲያው ነቅላችሁ የጠቆረውን ሥር ቁረጡ፣ ሳምንት አድርቁ፣ በደረቅ አፈር እንደገና ትከሉ። አንገቱ ከረዘመና ቅጠሉ ከተራራቀ ብርሃን አንሶታል። ከጨለማ ክፍል አውጥታችሁ በአንድ ጊዜ ለእኩለ ቀን ፀሐይ ብታጋልጡት ደግሞ ቡናማ ጠባሳ ያወጣል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት፣ ከሳምንት በኋላ ሁለት ሰዓት እያላችሁ አለማምዱት።

ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይጥላል። ያበጠ ቅጠል ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ሕዋሱን ይቀደዋል፤ በማግሥቱ ቅጠሉ ጠቁሮ ይገኛል። በዚህ ወቅት ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡ፤ የማይነሳ ከሆነ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፤ ጠዋት ግለጡት።

<b>ከኮረብታው የመጡት እሬቶች</b>

ባለፈው ጥቅምት ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በማዳበሪያ ከረጢት 11 እሬት ነቅለው አመጡ። "ቲቸር፣ እነዚህን በማሰሮ አድርገን እንሽጥ፤ ለደብተርና ለታክሲ ይሆነናል" አለ አንዱ። ቲቸር አይደለሁም፤ ግን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተገኘ ጎልማሳ ሁሉ ቲቸር ነው። የልጆቹ ችግር እውነተኛ ነበር። አንደኛው አባቱ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ቅዳሜና እሁድ ድንጋይ ሲያወርድ ይውላል። ስለዚህ "አይሆንም" ብሎ ማባረር ቀላል ነው፤ ግን መልስ አይደለም። ተቀምጠን አወራን።

አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው አበባ ዱቄት ዘር አይዙም። ንቦችና አበባ ቀሳሚ ወፎች ዱቄቱን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊያደርሱ ይገባል። ይህም ማለት ከአንድ ተዳፋት 11ዱን ነቅለህ አንዷን ብትተዋት፣ ያቺ ብቸኛ እሬት በየዓመቱ ታብባለች፣ ግን ዘር አይኖራትም። ሜዳው ላይ አንድ እሬት ቆማ ስታዩ "አለች" ትላላችሁ፤ በእርግጥ ግን አልቃለች። ከዘር ተነስታ ለአበባ እስክትበቃም ዓመታት ይፈጅባታል። ለዚህ ነው ከተራዋ አሎ ቬራ በስተቀር የዓለም እሬቶች በሙሉ ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እጽዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥ ተመዝግበው ያለ ፈቃድ ከሀገር ወደ ሀገር እንዳይሻገሩ የተደረገው።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማና "እሺ፣ ደብተሩስ?" አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እሬቶቹን ወደ ኮረብታው የመለሳቸው ራሱ ነው፤ ሥራቸው የተበጠሰውን ሦስቱን ብቻ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ከምረን ተከልናቸው። በምትኩ ከአንዲት የሰፈር እናት አጥር ሥር የእንዳሁላ ቁራጭ ለመኑ፤ ክበቡ ካለው ጄድና ኤቼቬሪያ ደግሞ 60 ቅጠል ሰጠናቸው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ሲንከባከቡ ቆይተው 38 ማሰሮ ለሽያጭ ደረሰ። በወላጆች ቀን ከሁለት በስተቀር ሁሉም ተሸጠ። ሀብታም አላደረጋቸውም፤ የሁለቱን የደብተር ወጪ ግን ሸፍኗል፤ ዘንድሮም እናት ተክሎቹ ስላሉ ከዜሮ አይጀምሩም። ቅጠል መሸጥ እንጂ ሜዳ መሸጥ የለብንም ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

እሬት የግድ ማሳደግ የሚፈልግ ካለ በዘር ይሞክር። የደረቀው ፍሬ ሊሰነጠቅ ሲል ከጥቂት ተክሎች ጥቂት ጥቂት ፍሬ ብቻ ውሰዱ፤ የቀረውን ለነፋሱ ተዉለት። አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ በትናችሁ በስስ አሸዋ ሸፍኑ፤ እስኪበቅል እርጥበት አይለየው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እንደ ሣር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል።

<b>ስለ ቅንጭብና ቁልቋል</b>

እነዚህን ሁለቱን ለማራባት ብላችሁ አትቁረጡ። ስትቆርጧቸው የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ እይታንም ሊያሳጣ ይችላል። ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች ያሏችሁ አጥራችሁን እዩት። ድንገት ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት ክልክል ነው፤ ወዲያው ዓይኑን ከፍቶ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማጠብ፣ ከዚያም "ተሻለኝ" ቢልም ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ሌላ የተክል ጭማቂ ወይም ቅቤ ጠብ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል።

በመጨረሻ ስለ ተባይ አንድ ነገር ልበል። በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ የጥጥ ብጣሽ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ አቧራ እንዳይመስላችሁ፤ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ነፍሳት ነው። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉት፤ በአምስተኛው ቀን ድገሙት፤ በአሥረኛው ቀን እንደገና እዩት። ሥሩም ላይ ሊኖር ስለሚችል ነቅላችሁ ተመልከቱ፤ ካለ ሥሩን አጥባችሁ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ከገበያም ሆነ ከጓደኛ ያመጣችሁትን አዲስ ተክል ከሌሎቹ ለሦስት ሳምንት ለይታችሁ፣ በሌላ መስኮት አቆዩት፤ ጣሳው ላይም የመጣበትን ቀን ጻፉበት።